በሚርሲኒ ላይ የወረደው ስብርባሪ

እታለም ሴቫስቲ፣

ክርስቶስ ተነሥቷል እላለሁ፤ አንቺም ከዚያ ማዶ ሆነሽ «በእውነት ተነሥቷል» ብለሽ ስትመልሺልኝ ጆሮዬ ይሰማዋል። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጀርባሽን የሚቀስፍሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትይዣለሽ? እናታችንስ እንዴት ናት? የጉልበቷ እብጠት ጎደለላት? አባታችን ያን ሳሉን ይዞ ወደቡ ላይ ንፋስ መሐል መቀመጡን ተወ ወይስ ዛሬም እንደ ልማዱ ነው? ወንድማችን ኮስማስስ? ትንሿ ካሊዮፒስ? ሁላችሁም ደኅና ናችሁ? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። በአካል ያልኩሽ አውቄ ነው፤ የቀረውን ከታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምሽ። እዚህ ባሕር ከገባን ጀምሮ ስልካችንን ሰብስበው ቆልፈውበታል። ወጥ ቤታችን አርጊሪስ የኩላሊት ጠጠር አላላውስ ብሎት ከጅቡቲ በአውሮፕላን ወደ አገር ሊመለስ ነው። ይህን ወረቀት ከልብሱ መሐል ሸጉጦ ይወስድልኛል፤ ፒሬዎስ ሲደርስ በፖስታ ይልክልሻል። አንቺ በመርከቡ በኩል የላክሽው አጭር መልእክት ትናንት ደርሶኛል። ቴሌቪዥኑ የጦር መርከባችን የጠላት ሚሳኤል መትታ ጣለች ማለቱን፣ ቄሱ ደወል ማስደወላቸውን፣ እናታችን ለጎረቤቱ ሁሉ ጣፋጭ ማደሏን ነግረሽኛል። ከንቲባው ደግሞ ስመለስ «ለደሴታችን ጀግና» የሚል ጨርቅ ወደቡ ላይ ሊያሰቅል ነው ብለሻል። እታለም፣ ያ ጨርቅ እንዳይሰቀል ብትከለክይልኝ ነው የምወደው። ለምን እንደምልሽ ልንገርሽ።

ሥራዬን ለማናችሁም በቅጡ አስረድቼ አላውቅም። እናታችን «ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው» ትላለች፤ አልተሳሳተችም። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ራዳር ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። በመርከባችን ጀርባ ላይ ደግሞ ሚሳኤሎቹ የሚተኙበት ሣጥን አለ። ሩቁን የሚመቱ ትልልቆቹ ያሉት ሌሎች መርከቦች ላይ ነው። የእኛዎቹ የቅርብ ናቸው። የሚለቀቁት ሌላው ሁሉ ካመለጠ በኋላ፣ የመጣው ነገር ደጃፍ ሲደርስ ነው። ሣጥኑን የሚጠግነው የቮሎሱ ልጅ ኒኪታስ «ከእነዚህ ወዲያ የቀረን ትንሽ መድፍና ብዙ ጸሎት ነው» እያለ ይቀልዳል። ደጃፍ ላይ የተመታ ነገር ደግሞ ቢመታም የሚወድቀው እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ይህን በትምህርት ቤት ነግረውን ነበር። የተነገረና የታየ ግን አንድ አይደለም።

ነገሩ የሆነው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ፣ ረፋዱ ላይ ነው። ሚርሲኒ የምትባል የአገራችን ጭነት መርከብ ስንዴ ይዛ ወደ ጅቡቲ ስትወርድ እያጀብናት ነበር። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቷል። ከምሥራቁ ጠረፍ በኩል አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። ሳያት መርከብ እንዳልሆነች አወቅሁ፤ መርከብ እንደዚያ አይሮጥም። ውኃውን እየላሰች ዝቅ ብላ ነው የመጣችው፤ የምትሄደውም ወደ እኛ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሚርሲኒ ነበር። አዛዣችን ቭራናስ ቡናው ከቀዘቀዘበት መርከቡን የሚያናውጥ ቁጡ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ግን ድምፁ ዝግ ብሎ፣ ከኋላዬ ቆሞ «ዲያማንዲስ፣ ይዘኸዋል?» አለኝ። «ይዤዋለሁ ጌታዬ» አልኩት። «ልቀቀው» አለኝ። ተጫንኩት።

ጣሪያችን ላይ ከባድ ብረት የተጎተተ ያህል ክፍሉ ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያው ሚሳኤላችን ሳተው። ወዲያው ሁለተኛውን ለቀቅሁ። ሁለቱ ነጥቦች ተገናኝተው አንድ ሆኑ፤ ከዚያ ብትን ብለው ጠፉ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ በጩኸት ተሞላ። አንዱ አንገቴን አንቆ ግንባሬን ሳመኝ፣ ሌላው ጀርባዬን ደበደበኝ። እኔም ሳቅሁ እታለም። አልደብቅሽም፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ሳቁ ገና አፌ ላይ ሳለ የሚርሲኒ ካፒቴን በሬዲዮ መጣ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ መታችሁት» አለ። ቀጥሎም «ስብርባሪው ግን እኛ ላይ ወርዷል። አንድ ሰው ወድቆብናል። ሐኪም አላችሁ?» አለ። ሁሉም ወደ ሥራው ዞረ፤ እኔን ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም።

ሰውየውን በሄሊኮፕተር አመጡት። ብዙም ሳይቆይ ሐኪማችን ዶክተር ኤርሲ በድምፅ ማጉያው ደም የሚሰጥ ሰው ጠራች። የጠራችው የደም ዓይነት የእኔ ነበርና ወረድኩ። ከጎኑ አጋድማ ክንዴ ላይ መርፌውን ሰካችልኝ። ስሙ ኢሲዶሮስ ነው፤ የሚርሲኒ የመርከበኞች አለቃ፣ ጢሙ የሸበተ፣ እጁ እንደ መቅዘፊያ ሰፊ የሆነ ሰው። ጭኑንና ጎኑን ነው የመታው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ምላሱ ግን አልደከመም። «የት ልጅ ነህ?» አለኝ። «የኢኑሴስ» አልኩት። «አሃ፣ የባለ መርከቦቹ ደሴት። እናንተ መርከቡን ትገዛላችሁ፣ እኛ የካርዳሚላ ሰዎች እንጠርግላችኋለን» አለ። «የእኔ አባትም ጠራጊ ነበር ጋሼ» አልኩት። «ማን ይባላል?» «ስታማቲስ።» «የትኛው ስታማቲስ? እናንተ አገር ድንጋይ ቢወረወር ከስታማቲስ ሌላ የሚመታው የለም» አለና ሊስቅ ሲል ሕመሙ ያዘው።

እንዴት እንደተመታ እሱው ነው የነገረኝ። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሁሉም ወደ ውስጥ ገብቷል። እሱ ሰዎቹን ሲቃኝ ሮዴል የሚባለው ፊሊፒናዊ ጎደለበት። ሮዴል ጆሮውን በጩኸት መከላከያ ደፍኖ ከፊት በኩል ዝገት ይቀጠቅጥ ነበርና ምንም አልሰማም። ኢሲዶሮስ ወጥቶ ከኋላው ሲይዘው ሮዴል የሚቀልድበት መስሎት ይስቅ ነበር አለኝ። በበሩ ገፍቶ አስገባው። እሱ ራሱ ግን ለመግባት አልደረሰም።

ከዚያ «አንተስ እዚህ ምንድን ነው ሥራህ?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ወጥ ቤት ነኝ ብል ማን ያውቅብኛል? ዶክተር ኤርሲ ከሥራዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ሚሳኤሉን የለቀቅሁት እኔ ነኝ» አልኩት። በመሐላችን ያለችውን ደሜ የምትሄድበትን ቀጭን ቱቦ ሲያይ ቆየና «ባትመታው ኖሮ ምን ነበር የሚመጣው?» አለኝ። «ሙሉው» አልኩት። «ሙሉው ምን ያህላል?» «ከአባቴ ጀልባ ይረዝማል።» «እንግዲያ የደረሰኝ ሽራፊው ነው» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ። «ስማ ልጄ፣ እዚያ መርከብ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ነገሩ ይገባኛል። ግን ዛሬ አመስግነኝ አትበለኝ። ዛሬ ያመኛል። ነገ ጠይቀኝ።»

ከዚህ በኋላ ያወራው ስለ ሚስቱ ብቻ ነው። ማሩኮ ትባላለች። በዚህ ባሕር እንደሚያልፍ አታውቅም፤ አፍሪካን ዞረን ነው የምንሄደው ብሏታል። «እውነቱን ብነግራት በሩ ላይ ተጋድማ ትከለክለኝ ነበር። ቤቴ ስገባ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እነግራታለሁ፤ የፈለገችውን ትወርውርብኝ» አለ። መድኃኒቱ ሲይዘው ዓይኑን ከደነ። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጠይቀው ስወርድ ኒኪታስ መንገድ ላይ ያዘኝ። ሚሳኤሎቹ ባሉበት ሣጥን ጎን ላይ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ይዞ፣ አምስት ስድስት ልጆች ከበውት ቆመዋል። የመታነውን ለማስታወስ ትንሽ ምልክት ሊስሉበት ነው፤ በሌሎችም መርከቦች የተለመደ ነው። «ና፣ በገዛ እጅህ ቀባው፤ ይሄ የአንተ ነው» አለኝ። «ሰውየው ከዚህ መርከብ ሳይወርድ አልቀባም» አልኩት። «ምን ነካህ፣ ስላልሞትን ሐዘን እንቀመጥ እንዴ?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። «አንተ ቀባው እንግዲህ፤ ብሩሹም ያለው አንተ እጅ ላይ ነው» አልኩት። «ቅዱስ ዲያማንዲስ! በርታ፣ ሥዕልህን ለእናቴ እልክላታለሁ» ብሎ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ወረወረው፤ ጫማዬ ላይ ተረጨ። እንዲህ ስንጨቃጨቅ ሄሊኮፕተሩ ከኋላችን ተነሣ። ዞሬም አላየሁት። ስወርድ አልጋው ባዶ ነበር። ወደ ጅቡቲ ሆስፒታል ወስደውታል። ነገ ጠይቀኝ ብሎኝ ነበር፤ ነገው መጣ፣ እኔ ግን ስለ ቀለም ስከራከር አመለጠኝ።

ቅዳሜ አዛዡ አስጠራኝ። ሜዳልያ እንደሚጠየቅልኝ ነገረኝና ፊቴን ሲያይ «ምንድን ነው የሆንከው?» አለኝ። «ምንም ጌታዬ» አልኩት። «ነገሩ ቢደገም እኔ ከዚያ ሌላ አልልህም። አንተስ ከዚያ ሌላ ታደርጋለህ?» አለኝ። «አላደርግም» አልኩት። «እና?» አለኝ። «እሱ ነው የከበደኝ ጌታዬ። ባጠፋ ኖሮ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። አሁን ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?» አልኩት። የቡናውን ሲኒ አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። «እኔም እሱን አላውቅም። ሂድ፣ ብላ» አለኝ። ከዚህ ሰው ይህን ያህል ደግ ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ቢሆንም አላሳረፈኝም።

እታለም፣ እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። አሁን የምጽፍልሽ ዛሬ ነው፣ ሰኞ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼው ምግብ ቤት ተቀምጬ ሳለ ዶክተር ኤርሲ ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። ያቀረበችውን ዳቦ አልነካችውም። ያኔ ገባኝ። ጋሽ ኢሲዶሮስ ትናንት፣ በዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ልቡ ቆመ። «ብዙ ደም አስቀድሞ ፈሶት ነበር። የሰጠኸው ደም እስከዚያ አድርሶታል» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ እኔ ግን ደሜ አብሮት ሲቀዘቅዝ ነው የታየኝ።

ወሬው ሲሰማ ኒኪታስ መጣ። ከዓርብ ጀምሮ አልተነጋገርንም ነበር። ሳህን ላይ ምስርና የወይራ ፍሬ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠና ቆመ። ቆይቶ «የቀባሁትን ምልክት ልፋቀው?» አለኝ። ብዙ አሰብኩበት። «ተወው፣ ይኑር። መምታቱንማ መትተናል» አልኩት። ተቀመጠና ከሳህኑ አብረን በላን።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለኝ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ወደ ሒዮስ በምትሻገረው ጀልባ ተሳፍረሽ ካርዳሚላ ሂጂ። የማሩኮ ቤት ከታች ወደቡ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው፤ እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ። ደብዳቤው እስኪደርስሽ የመርከቡ ባለቤቶች በስልክ ነግረዋት ይሆናል። በስልክ የሚነገር ደግሞ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ባሏ አፍሪካን ይዞራል ብላ ስትጠብቅ ከማታውቀው ባሕር ሬሳ ሊመጣላት ነው። ዋሽቶኝ ሞተ ብላ ሐዘኗ ላይ ቂም እንዳይደርብባት ነው የምፈራው። ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ ሊነግርሽ ነበር በያት። ስለ ሮዴልም ንገሪያት፤ በሕይወት እንዳለ፣ ጅቡቲ ወርዶ እስከ መጨረሻው ከሆስፒታሉ በር አልነቃነቅም ማለቱን ንገሪያት። በደሴታችን ላይ መቀለዱንም ንገሪያት፤ ንግግሩን ስትሰማ እሱ መሆኑን ታውቃለች።

ሚሳኤሉን ማን እንደለቀቀው አትደብቂያት። ወንድሜ ነው በያት። ከዚያ የምታደርገውን እንጃ። ልትሰድብሽ ትችላለች፤ ስደቢኝ ብለሽ ተቀበያት። በሩን ከዘጋችብሽ ትንሽ ቆመሽ ተመለሽ፣ በሌላ ቀን እንደገና ሂጂ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። ለአርባው የሚሆነውን ንፍሮ አንቺና እናታችን ቀቅላችሁ፣ ሮማንና ለውዝ ጨምራችሁ እንድትወስዱላት እለምንሻለሁ፤ እሷ ከፈቀደች ብቻ። ካልፈቀደች እዚያው የእኛው ቤተ ክርስቲያን አስገቡትና ስሙን አስጠሩለት።

እኔን ደግሞ «ተመለስ» እንዳትይኝ። ወደ አገር የሚመለስ ካለ ስሙን ይስጥ ብለውን ነበር፤ አልሰጠሁም። ነገ ጠዋት ሌላ መርከብ እናጅባለን፣ እኔም ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። ያቺ ዓይነት ነጥብ ብትመጣ እጄ አይዘገይም። አንድ ነገር ብቻ ተለውጦብኛል። ድሮ ራዳሩ ላይ የማጅባት መርከብ አንዲት ብርሃን ነበረች። አሁን ሳያት፣ እዚያ ላይ ማን ውጭ ቀርቶ ይሆን እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ጀግና አትበሉኝ። ሌላም ነገር አትበሉኝ። ዲያማንዲስ በሉኝ፣ እሱ ይበቃኛል። ከንቲባው ለምን ብሎ ከጠየቀ ይህን ደብዳቤ አንብቢለት።

በይ እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ለእናታችን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ደብዳቤውን ሁሉ አንብቢላት፣ የሚያስለቅሰውን አትዝለዪ፣ ሲዘለልባት ታውቃለች። ለአባታችን እጁን ስሜያለሁ፤ በወጣትነቱ በካርዳሚላዎች መርከብ ሲሠራ ኢሲዶሮስ የሚባል ቀልደኛ ልጅ ያውቅ እንደነበር ጠይቂልኝና ጻፊልኝ። ለኮስማስ መረቡ ይሙላለት፣ ያቺን ጀልባ ግን ወገቧን ሳያስጠግን ከወደብ እንዳያርቃት። ካሊዮፒ የባሕር ትምህርት ቤት እገባለሁ ማለቷን ሰምቻለሁ፤ ግቢም አትግቢም አልላትም፣ ስመጣ ተቀምጠን እናወራለን። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ደወሉን ላስደወሉት ቄስም ጭምር፣ በስሜ እጅ ንሺልኝ።

ለወይዘሮ ማሩኮ የምልከውን ሰላምታ ከጠዋት ጀምሮ ስፈልግ ዋልኩ። ጽፌ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጽፌ ሰረዝኩ። ፊቷን የምታይው አንቺ ነሽ። ቃሉን እዚያ ካገኘሽው አንቺ በይልኝ።

ወንድምሽ ዲያማንዲስ
ከጅቡቲ ወደብ ፊት ለፊት፣ ከመርከብ ላይ
ሰኞ፣ የዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ሜይ 13 ቀን 2024